ስለ ገጀራ ውፍረት ትንሽ እርማት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ ብዙዎቻችሁ «ገጀራ ስትገዙ ወፍራምና ከባዱን ምረጡ፣ ስሱ ቆርቆሮ ነው ይሰበራል» እያላችሁ ስለሆነ እሷን ብቻ ላስተካክል። ከመጥረቢያ ጋር ተምታቶ ይመስለኛል። መጥረቢያ የሚፈልጠው በክብደቱ ነው፣ ገጀራ ግን የሚቆርጠው በፍጥነትና በስለት ነው፣ ለዛም ነው ለሣርና ለቁጥቋጦ የሚሰራው አብዛኛው ገጀራ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ የሚሆነው፣ የብራዚሉ ገጀራ አምራች ትራሞንቲና የሚሰራው ራሱ ስስ ነው እኮ። ብረቱም ሆን ተብሎ ትንሽ ለስለስ ያለ ካርቦን ስቲል ስለሆነ ድንጋይ ሲመታ ስለቱ ከመሸረፍ ይልቅ ይታጠፋል፣ እሱን ደሞ በሞረድ ታስተካክሉታላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ማየት ቀላል ነው። የጀርባውን ውፍረት በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ወይ በማስመሪያ ለኩት፣ ከዛ ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ለመጥ አድርጉትና ልቀቁት፣ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ብረቱ ጥሩ ነው፣ እንደጎበጠ ከቀረ ተዉት። ቤት ስትደርሱ ቆሞ ያለ ለስላሳ ሣር ላይ ሞክሩት፣ ስሱ ሲሳል ከስር ይቆርጠዋል፣ ወፍራሙ ግን ሣሩን ገፍቶ ያስተኛዋል።

ይሄን ያነሳሁት ለክርክር አይደለም፣ ከባድ ገጀራ የያዘ ሰው ጊቢውን ሳይጨርስ እጁ ይዝላል፣ የዛለ እጅ ደሞ ምቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ያኔ ስለቱ ነጥሮ የሚያርፈው ቅልጥም ላይ ነው። ወፍራም ግንድ ካለባችሁ መጥረቢያ ወይ መጋዝ ጨምሩ፣ ገጀራውን አታወፍሩት።