ፋይል ያለው ውሻ

ሰው አገር ሊቀይር ሲነሳ ሻንጣ ይሸክፋል። ውሻውን ይዞ ሊሄድ ከሆነ ግን ፋይል ይከፍታል።

ፋይሉ የሚጀምረው በማይክሮቺፕ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር በመርፌ ቆዳው ስር ትገባለች። በውስጧ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። የራሱን ፓስፖርት ቁጥር በቃሉ የማያውቅ ሰው የቡቺን 15 አሃዝ እንደ ዳዊት ይደግማል።

ከቺፑ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይመጣል። «በኋላ» የምትለዋን አስምሩባት። ክትባቱ ከቀደመ በብዙ አገሮች ሕግ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ቡቺ ተወግቷል፣ ጮኋል፣ ሐኪሙንም ሊነክስ ሞክሯል። ነገር ግን ያኔ ቺፕ ስላልነበረው የተከተበው እሱ ለመሆኑ ማስረጃ የለም። የጮኸው ሌላ ውሻ ሊሆን ይችላል። እንደገና ይወጋ!

ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚሄድ ከሆነ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ 21 ቀን ይጠብቃል። የሚነሳበት አገር ኅብረቱ ከደም ምርመራ ነጻ ብሎ በዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ ከሌለ ደግሞ ደም ይቀዳል፤ እሱም ከተከተበ 30 ቀን ካለፈ በኋላ። የዚህ ውሻ ደም ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም። እውቅና ወዳለው ላቦራቶሪ ተልኮ ክትባቱ በደሙ ውስጥ የፈጠረው መከላከያ መጠን ይለካል። ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት በሚሊ ሊትር ካመጣ አለፈ ማለት ነው። አለፈ ማለት ግን ሄደ ማለት አይደለም። ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይቆያል። ጃፓን ይህን ሰምታ ትንሽ ነው ያለች ይመስል 180 ቀን ታስጠብቃለች።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሐኪም ነው። ከዚህ በኋላ ዘመድ ይገባበታል።

ውሻ አሳድጎ የማያውቅ ወዳጅ ሁሉ ድንገት አማካሪ ይሆናል። አንዱ «ማስተኛ ስጠው፣ ጥቅልል ብሎ ይደርሳል» ይላል። ሐኪሞች ይህን አይወዱትም። መድኃኒቱ አየር ላይ ትንፋሹንና የደም ግፊቱን ሊያዛባው ይችላል። ደንዝዞ የመጣ ውሻ አንቀበልም የሚሉ አየር መንገዶችም ብዙ ናቸው። አክስት ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ይነቅሉታል፦ «አንተ ልጅ፣ እዚያ ስትደርስ ሌላ አትገዛም?» ልጆችህን ትተህ ሂድ፣ እዚያ ሌላ ትወልዳለህ የሚል አክስት ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ቀጥሎ ሳጥኑ ነው። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ ግልጽ ነው። ውሻው ውስጡ መቆም፣ መዞርና እንደ ልቡ መተኛት መቻል አለበት። ይህን መስፈርት ባለቤቱ ከሚቀመጥበት ወንበር ጋር አታወዳድሩት። እዚያ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ አገጩ ስር ነው። ለመነሳትም ሁለት ሰው ይቅርታ መጠየቅ አለበት።

ሳጥኑን ከሳምንታት በፊት ማለማመድ ያስፈልጋል። ሳሎን መሃል በሩ ተከፍቶ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ የለበሰው ያልታጠበ ካናቴራ ይነጠፍበታል። ቡቺ ቀረብ ብሎ ያሸታል። አንገቱን ያስገባል፤ ወገቡን ግን ለማንኛውም ብሎ ውጭ ይተወዋል። ከዚያ ካናቴራውን በጥርሱ ይጎትትና ደጃፉ ላይ ዘርግቶ ይተኛበታል። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ የሚገኘው የቤቱ ትንሹ ልጅ ነው። አልወጣም ብሏል።

የመጨረሻዎቹ ቀናት የሂሳብ ፈተና ናቸው። የአውሮፓው የጤና ሰርተፍኬት እስከ መግቢያው ድረስ የሚያገለግለው 10 ቀን ነው። መድረሻው ብሪታኒያ፣ አየርላንድ ወይም ፊንላንድ ከሆነ የኮሶ ትል መድኃኒትም አለ። ከመግባቱ በፊት ከ24 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ120 ያልበለጠ! ባለቤቱ ሌሊት ከእንቅልፉ ባንኖ በጣቱ ሰዓት ይቆጥራል። ቡቺ አጠገቡ ያንኮራፋል።

ይህን ሁሉ ልዝለለው የሚል ካለ የሆሊውዱን ተዋናይ ጆኒ ዴፕን ይጠይቅ። በ2015 እ.ኤ.አ. እሱና የያኔ ሚስቱ ፒስቶልና ቡ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ውሾቻቸውን ሳያስመዘግቡ በግል ጄት አውስትራሊያ አስገቡ። የግብርናው ሚኒስትር ባርናቢ ጆይስ ውሾቹ ካልወጡ ይገደላሉ አሉ። ውሾቹ በቶሎ ተመለሱ። ባልና ሚስቱ ግን በዓመቱ የይቅርታ ቪዲዮ ቀርጸው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ሚሊዮኖችም አዩት። ከዚያ ሁሉ ትወናው በኋላ ለውሻ ወረቀት ካሜራ ፊት መቆም!

ቀኑ ሲደርስ ኤርፖርት ላይ የቡቺ ፋይል ይዘረጋል። በየተራው በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ኮፒው እንኳ ኮፒ አለው። ሠራተኛዋ ማንበቢያውን ማጅራቱ ላይ ታሳልፋለች። ጢጥ ይላል። ቁጥሩን ታመሳክራለች፣ ፈገግ ትላለች። «እሱ ጨርሷል» ትላለች።

ከዚያ የባለቤቱን ፓስፖርት ገለጥ ታደርጋለች። «ይሄ ግን አራት ወር ነው የቀረው። የሚሄዱበት አገር ስድስት ይጠይቃል።»