«መርቂልኝ»፦ ስለ ጣሳ፣ ስለ ሚዛንና ስለ ጾማችን

የቅበላ ሰሞን ነበር። ለሽሮ አተር፣ ለወጥ ምስር ልሸምት ሰፈራችን ካለው እህል ገበያ ወረድኩ። የማዘወትራቸው አንዲት እናት አሉ፤ ትልቅ ትንሹ «እማማ» ነው የሚላቸው። የማዳበሪያዎቹን አፍ ወደ ውጭ ጠቅልለው ከፊታቸው ደርድረው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። «ሁለት ጣሳ ምስር» አልኳቸው። ጣሳውን ምስሩ ውስጥ ነከሩና ሞልተው አወጡት። ሞላ ብዬ ፌስታሌን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት፤ ምስሩ ወረደ፣ ጣሳው ጎደለ። ጨመሩበት። በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው እንደገና ጨመሩበት። ጫፉ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጥጦ ምስሩ ከዳር ዳር መንከባለል ሲጀምር ነው የገለበጡልኝ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው አንድ እፍኝ ዘግነው ጨመሩና «ይቺ ምርቃት ናት ልጄ፤ ጾሙን የበረከት ያድርግልን» አሉኝ።

ገበያ የወጣ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ሻጭ ለክቶ ከጨረሰ በኋላ ከልኩ በላይ የሚጨምራት እፍኝ ምርቃት ትባላለች። «መርቂልኝ እንጂ» እንላለን፤ «መርቄልሻለሁ» ትላለች። አባት ልጁን የሚመርቀው፣ ሽማግሌ ሙሽሮቹን የሚመርቀው በዚሁ ቃል ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለጸሎቱና ለእፍኟ ምስር ሁለት ስም አላወጡም። እኔ ይህን ልብ ያልኩት በዚያ ቀን፣ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ዳገቱን ስወጣ ነው።

ቤት ገብቼ የሉቃስ ወንጌልን ምዕራፍ 6 ገለጥኩ። ቁጥር 38 ላይ ጌታ «የተጨቈነና የተነቀነቀ የተትረፈረፈም መልካም መስፈሪያ» ይላል። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አንድም ቀን ግን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። የተጨቈነ፦ እማማ በመዳፋቸው የተጫኑት። የተነቀነቀ፦ በሁለት እጃቸው የነቀነቁት። የተትረፈረፈ፦ ከጣሳው ዳር የተንከባለለው። ቃሉ «በእቅፋችሁ ይሰጣችኋል» ሲልም በዚያ ዘመን ሰው እህል የሚቀበልበትን የልብሱን እጥፋት ማለቱ ነው፤ የእኛ እናቶች ነጠላቸውን አጥፈው እንደሚቀበሉት። ጌታ ይህን የተናገረው ገበያ ለሚውሉ፣ ሰፍረው ለሚሸጡና አስፍረው ለሚገዙ ሰዎች ነው። እኛ ይህን ጥቅስ አብዝተን የምንሰማው ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር ነው። ለቤተ እግዚአብሔር መስጠት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሱን ከጣሳው ነጥቀን ለሙዳዩ ብቻ ስንሰጠው ሰኞ ሱቁን የሚከፍተው ምእመን ለእሱ የተነገረ አይመስለውም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ ቅቤ ገዛሁ። ሻጩ አንገቱ ላይ ማተብ አለው፤ ከሚዛኑ በላይ የመድኃኔዓለም ሥዕል ተሰቅሏል። ገንዘቡን ተቀብሎ «እንኳን አደረሰሽ» አለኝ። ማታ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና አብሹን አዘጋጅቼ ቅቤውን እሳት ላይ ጣድኩት። መጀመሪያ ሽታው አላማረኝም። ቀስ እያለ ሲቀልጥ ከድስቱ ሥር አንድ የሚያጣብቅ ነገር ይዞ ቀረ። በማንኪያ አውጥቼ አሸሁት፤ ሙዝ ነበር። ገንዘቡ አናደደኝ፣ አልዋሽም። እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው ግን ሌላ ነው። ያ ሰው ሳይጾም አልቀረም። ራሱ 55 ቀን ከአፉ ያላስገባውን ቅቤ ነው ሙዝ ለውሶ የሸጠልኝ። አፉን ከቅቤ ጠብቋል፤ እጁን ግን አልጠበቀም።

ሌላውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈር፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ ወተት ውስጥ ውኃ፣ በማኛ ስም የሚሸጥ ሰርገኛ ጤፍ፣ ከላይ ጉማጁ ከታች ዱቄቱ የሚታጨቅ የከሰል ጆንያ። ጀሶ ስለተቀላቀለበት እንጀራ በዜና የሰማን ጊዜ አገሩ ሁሉ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር፤ ከዚያ ለመድነው። ሕግ የለም እንዳንል የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 813/2006 ነው። ተቆጣጣሪ ግን በየጣሳው ሥር ሊቆም አይችልም። እዚያ ሊቆም የሚችለው ፈሪሃ እግዚአብሔር ብቻ ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ነቢያቱ ጮኸውበታል። ኢሳይያስ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ኢየሩሳሌምን ሲወቅስ ወይን ጠጅሽ ከውኃ ጋር ተደባለቀ ይላታል። አሞጽ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ቤታችን ድረስ የሚገባ ይመስለኛል። ከቴቁሔ የመጣ፣ ከብት ጠባቂና የሾላ ፍሬ ለቃሚ ነበር፤ የገበሬና የእረኛ ዓይን ነው ያለው። በምዕራፍ 8 ላይ የእስራኤልን ነጋዴዎች ሐሳብ ቃል በቃል ያወጣዋል። ሰንበት መቼ ያልፋል? መባቻው መቼ ያልፋል? ይላሉ። ለምን? የእህል ጎተራቸውን ሊከፍቱ፣ መስፈሪያውን ሊያሳንሱ፣ ሰቅል የሚባለውን መመዘኛ ሊያከብዱ፣ በሐሰተኛ ሚዛን ሊያታልሉ፣ የስንዴውን ግርድ ሳይቀር ሊሸጡ። እነዚህ ሰዎች ሰንበትን አልሻሩም። በሰንበት ሱቃቸው ዝግ ነው። ችግሩ እዚያ ዝግ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው የሚያስቡት ነገር ነበር። እግዚአብሔርም ሥራቸውን ከቶ እንደማይረሳ ማለ። አሞጽን ባነበብኩ ቁጥር ጾም እስኪፈታ ቅቤውን የሚያከማቸው ነጋዴ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ሕጉስ ምን ይላል ብሎ ለሚጠይቅ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 አለ። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ቃል የሚገኘው እዚያ ነው፣ ቁጥር 18 ላይ። ብዙዎቻችን እዚያ ደርሰን መጽሐፉን እናጥፋለን። ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ቁጥር 35 እና 36 ላይ፣ በመለካት፣ በመመዘንና በመስፈር ዓመፅ አታድርጉ፤ የእውነት ሚዛን፣ የእውነት መመዘኛ፣ የእውነት መስፈሪያ ይኑራችሁ ይላል። ባልንጀራዬን መውደዴ ምን ይመስላል ብዬ ብጠይቅ ያው ምዕራፍ ሚዛን አውጥቶ ያሳየኛል ማለት ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 25 ደግሞ በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ ይላል። የዚያን ጊዜ መመዘኛ ድንጋይ ነበር፤ አንዱ ሰቅል ወደ 11 ግራም ይመዝን ነበር። ተንኮለኛው ነጋዴ ሲገዛ በከባዱ ድንጋይ፣ ሲሸጥ በቀላሉ ይመዝናል። የእኛ ገበያ ላይ ከረጢቱ የለም እንጂ ዘዴው አለ፤ ታቹ ወደ ውስጥ ተደቅቶ የተሰረጎደ ጣሳ እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን በሚገባ መባል አለበት፤ ንግድ ኃጢአት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን በዐቢይ ጾም ሥርዓቷ አስቀምጣዋለች። በሦስተኛው እሑድ፣ በምኩራብ፣ ጌታ ጅራፍ ገምዶ ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን ከመቅደስ ሲያስወጣ የሚናገረው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ይነበባል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ገብር ኄር ይመጣል፤ በተሰጠው መክሊት ወጥቶ ወርዶ ነግዶ ያተረፈው አገልጋይ «በጎ ታማኝ» ተብሎ ይመሰገናል። ሁለቱንም በአንድ ጾም የምትሰማ ቤተ ክርስቲያን ስለ ነጋዴ የምትለው ነገር የላትም ማለት አይቻልም። ሰባኪዎቻችን በምኩራብ እሑድ ለበሬው፣ ለበጉና ለርግቡ ትርጓሜ የሚሰጡትን ጊዜ ሲሶውን እንኳ ለሚዛን ቢሰጡ፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ጤፍ ብለው በስሙ ቢጠሩት፣ ከዐውደ ምሕረቱ ሥር የቆመው ሰው እኔን ነው ይላል።

ገዢዎችም ነፃ አይደለንም። ሚዛን ሁለት ሳህን አለው። ምሳሌ ምዕራፍ 20 ላይ የሚገዛ ሰው «መጥፎ ነው፣ መጥፎ ነው» እያለ ያጣጥላል፣ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው ይመካል ይላል። ጉሊት ላይ ፀሐይ እየመታት ቲማቲም በመደብ የምትሸጥን እናት አምስት ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት የምንከራከር፣ «ጠውልጓል፣ በስብሷል» እያልን ዕቃዋን የምናዋርድ፣ ከዚያ ሻይ ቤት ተቀምጠን ያንኑ አምስት ብር ያለ ክርክር ለአሳላፊ የምንሰጥ ብዙ ነን። እኔም አድርጌዋለሁ። መርቂልኝ ያልናት ሴት ከዚያች መደብ የሚተርፋት ስንት እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም። ደመወዝ እየበላ ወንበሩ ላይ የማይገኘውም፣ የሠራተኛውን ክፍያ የሚያዘገየውም በዚሁ መስፈሪያ የሚሰፈር ነው፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የዘገየው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ብሏል።

እዚህ ላይ የበላዔ ሰብእን ታሪክ የሚያነሱብኝ እንዳሉ አውቃለሁ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ይነገራል፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ተሥሎ እናየዋለን። 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ተቀምጦ፣ ጥላዋ አርፎበት ደፋ። እኔም በዚህ ምሕረት የምታመን ነኝ። ግን ታሪኩን «በመጨረሻ ጥርኝ ውኃ አለችኝ» እያልን ጣሳ ለማጉደል ፈቃድ ስናደርገው ያማል። በዚያ ሚዛን ላይ የወጣችው ሳይለካ የተሰጠች ጥርኝ ናት። ለእኔ የእማማ እፍኝ ምስርና ያቺ ጥርኝ ውኃ ዘመድ ናቸው።

ዘኬዎስም አለ። ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር፤ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን ካለው ግማሹን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የቀማውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቆሞ ተናገረ። ንስሐው ቁጥር ነበረው። የእኛ ንስሐ አባቶች ስግደትና ጾም ቀኖና ሲሰጡ «የማንን ገንዘብ ይዘሃል? መልሰህ ና» ብለው ቢጨምሩ ከማንኛውም ቅጣት ይልቅ ነጋዴውን የሚፈውሰው ይህ ይመስለኛል።

የምጠይቀው አንድ የሚጨበጥ ነገር አለኝ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 የሰቅልን ልክ ሲናገር «የመቅደሱ ሰቅል» ይለዋል፤ የእውነተኛው ልክ መለያ ስሙ ከመቅደስ ነው የተወሰደው። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 23 የሌዋውያንን አገልግሎት ሲቆጥር ከኅብስቱና ከመሥዋዕቱ ጎን የመስፈሪያውንና የልኩን ሁሉ ኃላፊነት ይጨምራል። የመቅደስ አገልጋዮች የልክ ጠባቂዎች ነበሩ። ዛሬ በከተማችን በብዙ አድባራት አጥር ዙሪያ ሱቆች አሉ፣ ጉሊቱም ደጀ ሰላሙ ላይ ነው። ታዲያ በየደጀ ሰላሙ አንድ የተረጋገጠ ሚዛንና አንድ ልኩ የታወቀ ጣሳ ቢቀመጥ፣ ሰበካ ጉባኤው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ቢመድብለት፣ የገዛ ሁሉ በነፃ ቢያስመዝን፣ የሚሸጥም ጣሳውን አምጥቶ ቢያስተያይ ምን ይከብዳል? ዋጋው ከአንድ ድምፅ ማጉያ ያነሰ ነው።

ይህን ሐሳብ ለእማማ ነገርኳቸው፤ ባለፈው ሳምንት ሽምብራ ልሸምት ሄጄ። እየሰፈሩ ሰሙኝ። ነቅንቀው፣ ተጭነው፣ ቆልለው ገለበጡልኝና «ይቁም እንጂ፣ እኔማ ቀድሜ እሰለፋለሁ» አሉ። ጣሳቸውን አዙረው ታቹን አሳዩኝ። ዳር ዳሩን ዝገት በልቶታል፤ ግን ደልዳላ ነው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ማዳበሪያው መልሰው እፍኛቸውን ዘገኑ።