በኪራይ ቤት ውስጥ ለመሥራት የአከራይ ፈቃድ ያስፈልጋል? (ክርክር)

ተከራካሪዎቹ ሁለት የጅማ ነዋሪዎች ናቸው። አንዱ ጊንጆ አካባቢ በተከራየው ክፍል ውስጥ የነጋዴዎችን ሒሳብ የሚሠራ ወጣት ነው። ሁለተኛዋ ቆጪ ባለው ግቢያቸው አራት ክፍል የሚያከራዩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው።

ተከራይ፦

አያስፈልግም። ክፍሌ ሦስት በአራት ናት። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ አልጋው ሥር ደረሰኝ የሞላባቸው ካርቶኖች አሉ። የዚሁ የጅማ መርካቶ ባለሱቆችን ሽያጭና ግዢ እመዘግባለሁ፣ ወር ሲያልቅ ሒሳባቸውን እዘጋለሁ፤ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅትም እንዲሁ እሠራለሁ። ቢሮ ልከራይ ብል ገቢዬ ሁለት ኪራይ አይችልም። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የአለቃዬን ድምፅ ለመስማት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልክ የማነሣበት ቀን አለ። እሱንም ችዬ እሠራለሁ።

አንድ ቀን አከራዬ «ቀን ቀን ቤት የምትውለው ለምንድን ነው?» አሉኝ። ሥራ ላይ ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያማ ቢሮ አድርገኸዋል» አሉና በሚቀጥለው ወር አንድ ሺህ ብር ጨመሩብኝ። ጣሪያው ያው፣ ግድግዳው ያው ነው።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ መንግሥት ብዙ ሠራተኞቹን ቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ ብሏቸዋል። ከእነሱ ውስጥ በኪራይ ቤት የሚኖረው ስንት ነበር? አከራይህን አስፈቅድ የተባለ ሰው አልሰማሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኛ በገዛ ቤቱ ሆኖ ለአሠሪው የሚሠራበትን ውል ያውቀዋል። ሕግ ያወቀውን ሥራ አከራይ የሚከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

አከራይ፦

ልጄ፣ ያን አንድ ሺህ ብር የጨመሩብህ ሰው ልክ አልሠሩም። ይህን ስላልኩ ግን ነገሩ አላለቀም።

የእኔን ግቢ ልንገርህ። አራት ክፍል፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ የውጭ በር። አምና እንዳንተው የሒሳብ ሥራ የምትሠራ ልጅ ተከራይታ ነበር፤ ሥራዋን ግን ሳትነግረኝ ነው የገባችው። ሐምሌ ገባ፣ የግብር ሰሞን ሆነ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ በሩ አሥራ አንድ ጊዜ ተንኳኳ። የቆጠርኩት እየተነሣሁ የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ጉልበቴን ያመኛል። የማላውቀው ሰው ሁሉ በረንዳዬ ላይ ጭቃ ጫማውን አውልቆ ተራ ይጠብቃል። ከጎኗ ያለው ክፍል ውስጥ አራስ ነበረች። ሕፃኑ ገና እንቅልፍ ሲወስደው በሩ ይንኳኳል።

መብራቱም አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሚፈጅና ከ300 በላይ የሚፈጅ እኩል ዋጋ አይከፍሉም። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም አንዱ የጨመረው ሁሉንም ወደ ውዱ እርከን ይገፋል። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ይህን ጉዳይ አስቀድሞ ሊያነጋግረን አይገባም?

ተከራይ፦

እትዬ፣ የአራሷ ነገር ልቤን ነክቶታል። ደንበኛ በረንዳ ላይ ማሰለፍ ልክ አይደለም፤ በዚህ አንከራከርም። የእኔ ደንበኞች ደረሰኛቸውን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ ዋናውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው ሄጄ እወስዳለሁ። እኔን ብሎ በር ያንኳኳ የለም።

በመብራቱ ግን አልስማማም። ኮምፒውተሬ 50 ዋት ገደማ ነው የሚስበው። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብሠራበት ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ሦስት ሰዓት ከተጋገረበት የእኔን የወር ፍጆታ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። በግቢው ውስጥ እንጀራ የሚጋግር ተከራይ ፈቃድ ሳይጠየቅ እኔ የምጠየቀው ለምንድን ነው? ሥራ የሚለው ቃል ስለሚያስደነግጥ ይመስለኛል።

አከራይ፦

ሒሳብህ ትክክል ነው፤ ሙያህም ነው። ምጣዱን ግን ቤቱን ሳከራይ አውቀዋለሁ። የሚጋግር እንደሚኖር ገምቼ ነው የተዋዋልኩት። እኔ የምለው ሳላውቅ የሚመጣብኝን ነው።

አንተ ያላነሣኸው ትልቁ ጉዳይ ደግሞ አለ። ነገ ሥራህ ሲያድግ ንግድ ፈቃድ ማውጣትህ አይቀርም። ንግድ ፈቃድ አድራሻ ይፈልጋል፤ የኪራይ ውል አምጣ ትባላለህ። ያኔ ቤቴ በመንግሥት መዝገብ ላይ የንግድ አድራሻ ይሆናል። ቆጣሪዬ የመኖሪያ ነው፤ የንግድ ታሪፍ ሌላ ነው። የሚመጣው ጥያቄ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ይላል። ለሁለት ዓመት የሚያስረኝን ወረቀት ስፈርም ቤቴ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ተከራይ ቤቱን በውሉ ለተባለው አገልግሎት እንዲያውለው ነው የሚያዝዘው።

ተከራይ፦

ማወቅና መፍቀድ ይለያያሉ። አሳውቁ ቢሉን እሺ እንላለን። አስፈቅዱ ሲሉን ግን ምን እንደሚገጥመን ልንገርዎት። ይህን ክፍል ከማግኘቴ በፊት በአንድ ሳምንት ሦስት ቤት አይቻለሁ፤ አንዱ አጂፕ አካባቢ ነበር። ደላላው በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቀን ቤት ትውላለህ?» ብሎ ነው። ሦስቱም ቦታ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሦስቱንም ቤት አጣሁ። አራተኛው ላይ ዝም አልኩ። እንዲህ ተደብቄ መኖሬን አልወደውም፤ ሰው ሲያልፍ የስልክ ድምፄን ዝቅ የማደርግበት ቀን አለ። የእርስዎም ተከራይ ያልነገረችዎት ይህንኑ ፈርታ ሊሆን ይችላል።

አከራይ፦

ሊሆን ይችላል። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ይህን አምናለሁ። ብትነግረኝ ኖሮ ደንበኞቿን በሳምንት አንድ ቀን፣ አራሷ እናቷ ቤት በምትውልበት ሰዓት እንድታደርገው እነግራት ነበር።

ስለዚህ «ተከራይ ደንበኛ ወደ ግቢ ሳያስገባ በክፍሉ ውስጥ በኮምፒውተር መሥራት ይችላል» የሚል መስመር ያለበት ውል ቢመጣልኝ እፈርማለሁ። ደንበኛ የሚመጣ ከሆነ ግን ያለ ፈቃዴ አይሆንም።

ተከራይ፦

መስመሩን እቀበላለሁ። ከሥሩ «በዚህ ምክንያት ኪራይ አይጨመርም» የሚል ይጻፍበት።

አከራይ፦

ኪራዩን አልጨምርም፤ እሱ ይጻፍ። የመብራቱ ድርሻ ግን ቆጣሪው የጋራ እስከሆነ ድረስ በየወሩ ሒሳቡ ሲመጣ አራቱም ተከራዮች ባሉበት ይታያል። እሱን አስቀድሜ አልፈርምልህም።