እርማት፦ የሴት ሆርሞን የሚባለው ኢስትሮጅን ከመጠጥ ይጠብቃል ስለተባለው
«ወደ መጠጥ የሚገፋው የወንድ ሆርሞን ነው፤ ሴትን ግን ኢስትሮጅን ይጠብቃታል» ብለው የጻፉት ብዙዎች የሚያምኑበት ቢሆንም ትክክል አይደለም። በኒውዮርክ የሚገኘው የዌይል ኮርኔል ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ሴት አይጦች አልኮል አብዝተው የጠጡት ኢስትሮጅናቸው ከፍ ባለበት ቀን ነበር፤ በተለይም ጠርሙሱ በቀረበላቸው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች። ሆርሞኑ ይህን ያደረገው፣ እንደተለመደው ጂኖችን በማዘዝ ቀስ ብሎ ሳይሆን፣ ከጭንቀት ጋር በተያያዘ የአንጎል ክፍል ባሉ የነርቭ ሴሎች ገጽ ላይ ከሚገኝ ተቀባይ (ሆርሞኑን ከሚይዝ ፕሮቲን) ጋር ተጣብቆ፣ ሴሎቹን በደቂቃዎች ውስጥ በማነቃቃት ነው። የአይጥ ውጤት እንዳለ ለሰው አይገለበጥም፤ ነገር ግን «ይጠብቃታል» የሚለው ቃል አንዲትን እህት ሊያዘናጋት ስለሚችል፣ ከጽሑፍዎ እንዲያወጡት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።