መቀናጆ በጣና ዳር

አንድ በሬ ብቻ ያለው የጎጃም ገበሬ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። እንደሱው ባለ አንድ በሬ የሆነ ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል። ዛሬ ያንተን እናርሳለን፣ ነገ የእኔን። ጣጣው የሚመጣው ቀንበሩ ከተጫነ በኋላ ነው። አንዱ በሬ ይጎትታል፣ ሌላው እየተጎተተ ይሄዳል።

እኔና አበልጄ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ባሕር ዳር ላይ ተቀናጀን። ለእርሻ አይደለም፤ ለአሳ ነው።

ነገሩን ያመጣብን ከእንግሊዝ አገር ለዕረፍት የመጣ የድሮ የክፍል ጓደኛችን ነው። እዚያ አገር ካርፕ የሚባል አሳ አለ። ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ኩሬ ዳር ድንኳን ተክለው፣ ከዓርብ እስከ እሑድ 48 ሰዓት ይወዳደሩበታል። ቦታው በዕጣ ነው። የተያዘው ሁሉ ይመዘናል፣ ኪሎው ይደመራል።

«ከዚያ ይጠበሳል» አለ አበልጄ።

«ከዚያ ይለቀቃል» አለ ጓደኛችን።

«ለማን?»

«ለውሃው።»

አበልጄ ዞር ብሎ አየኝ። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ስለሆነ ዓይኑን ማንበብ አያቅተኝም። «ይሄ ልጅ ብርዱ ጎድቶታል» ነው ያለው።

ጣና ውስጥ ግን ካርፕ አልነበረንም። ጓደኛችን ትንሽ አሰበና ነጭ አሳ የካርፕ ዘመድ ስለሆነ ይበቃል አለ። በዘመድ በኩል ከገባህብን ጎጃሜ ምን ይመልሳል? ደግሞ እውነቱን ነው። የጣና ነጭ አሳ ከካርፕ ቤተሰብ ነው፤ ከንፈሩ ላይ እንደ ካርፕ ትንንሽ ጺም አለው። አንድ ዓይነት ብቻም አይደለም። 15 ገደማ ዓይነት ሲኖር፣ አብዛኛው ከጣና ሌላ አገር የለውም። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ስለሚወረወር ከታች ያለ አሳ ሽቅብ ወጥቶ አይቀላቀላቸውም። ለብቻቸው ተከርችመው እርስ በርስ ሲዋለዱ ኖሩ። ክረምት ላይ ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ እነሱን ማሳደድ ነውር ነው፤ መረብ ይዞ ወንዝ አፍ ላይ የሚቆም ግን አይጠፋም።

ለባለቤቴ «እሑድ አሳ ይዤ እመጣለሁ» አልኳት። ስለ መልቀቁ አልነገርኳትም። ሁዳዴ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኛ ቤት ከጨረስነው ቆይቷል። እሷ ናት የጨረሰችው።

አራት ጥንድ ሆነን ወጣን። ዕጣችን ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ብዙም ሳይርቅ ደረሰን። ፈረንጆቹ መንጠቆ ላይ የሚሰኩት ተቀቅሎ የተድበለበለ ሊጥ ነው። አበልጄ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ጭብጦ በለኛ!» ከቤቱ አንድ ኪሎ በሶ አመጣ፣ በኑግ ለወሰው፣ የብይ ያህል የብይ ያህል አድርጎ አድበለበለው። ሽታው እኔን እንኳ ያጠምዳል።

ተራ ገባን። እስከ እኩለ ሌሊት እኔ፣ ከዚያ እሱ። ዘንጉ ላይ አሳ ሲነካው «ጢጥ» የሚል የባትሪ ደወል አለ። በእኔ ተራ ሁለት ጊዜ ጢጥ አለ፣ ሁለት አሳ ወጣ። በእሱ ተራ ምንም። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ብርዱ ቀስቅሶኝ ከጋቢዬ ውስጥ አንገቴን ባወጣ፣ አበልጄ ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ያላምጣል። የጭብጦው ሳህን ጭኑ ላይ ነው። መንጠቆው ባዶውን ጣና ውስጥ ተንጠልጥሏል።

«ለአሳ ከጠቀመ ለሰው ምን አለበት?» አለኝ።

ልጮህበት አፌን ስከፍት ውሃው ተንቦጫረቀ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኛ ያወጣነው ጉማሬ ነው። የውድድሩ ሕግ ቦታን ጥሎ መሄድ ይከለክላል። ጉማሬው ሕጉን ስላላነበበ ጥለን ሮጥን። አበልጄ በሕይወቱ ቀንበር የቀደመው ያን ሌሊት ብቻ ነው። ሳህኑን ግን አልጣለም።

ጠዋት ተመልሰን ትልቁን ያዝኩት። 1 ኪሎ ከ800። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ተኛ፣ ተመዘነ። ጓደኛችን መንጠቆው የወጋውን ከንፈሩን ወይን ጠጅ ቀለም ባለው የቁስል መድኃኒት ቀባው። ጤና ጣቢያ ሄጄ እንዲህ ያለ እንክብካቤ አግኝቼ አላውቅም። ፎቶ ተነሳ፣ ተለቀቀ።

በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ መቅዘፋቸውን ትተው ያዩናል።

«ምን አጥፍቶ ነው የያዛችሁት?» አሉ።

«ምንም አላጠፋም አባቴ፣ ውድድር ነው።»

«ተይዞ፣ ተመዝኖ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ያለ ጥፋቱ ‹ሂድ› ተባለ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄስ በሰው ሲደርስ ነው የማውቀው።» ቀዘፉና ትንሽ ፈቀቅ ብለው መረባቸውን ጣሉ።

እሑድ ኪሎው ተደመረ። በ200 ግራም ተበለጥን። ያ 200 ግራም የት እንዳለ አውቃለሁ፤ የአበልጄ ሸሚዝ ቁልፉ ላይ ትንሽ ወጠር ብሏል።

ባዶ እጄን ቤት መግባት ስለማይሆንልኝ ዳር ላይ አሳ ከደረደሩት ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። የመጀመሪያውን አንስቼ አየሁት። ከንፈሩ ወይን ጠጅ ነው።

«አባቴ፣ ይሄ የእኔ አሳ ነው እኮ!»

«ለቀህው የለም ወይ?»

በሁዳዴ ዋጋ ገዛሁት። ሒሳቡን በመቀናጆ እንክፈል ስለው አበልጄ ቦርሳውን ቤት ረስቷል። ግማሹን አሳ ግን አልረሳም፤ ከወገቡ በታች ያለውን ወሰደ።

ባለቤቴ የተረፈኝን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ከንፈሩን ምን ሆኖ ነው?»

«ቆስሎ ነበር፣ ታክሟል» አልኳት።

«ታክሞ ነው እንዲህ የሆነው?» አለችና ቢላዋውን አነሳች።