የእስክንድር ሥራዎች ሁሉም ሸራ አይደሉም

ስለ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን የወጣው ጽሑፍ ጉዞውን ከአዲስ አበባ እስከ ፓሪስና ዋሽንግተን በደንብ አሳይቷል። «የዘይት ቀለም ሸራዎቹ» ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ማጠቃለሉ ግን ልክ አይደለም። ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው የ1964 (እ.ኤ.አ.) «የጁጁ ሠርግ» የተሠራው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ፣ በቴምፔራ (እንደ እንቁላል አስኳል ባለ ማጣበቂያ በተለወሰ ቀለም) እና ብረት ቅልቅል ባለው ቀለም ነው። ኋላ ደግሞ በፍየል ቆዳና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርቷል።

ይህ ልዩነት ሥራዎቹን ለዕይታ ለሚያዘጋጅ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ቆዳ እርጥበት ይስባል፤ ክረምት ሲገባ ይላላል፣ በበጋ ይኮማተራል። ዙሪያውን በኮላ ከእንጨት ጋር ከተለጠፈ ግን የሚኮማተርበት ቦታ ስለማይኖረው ወይ ይሰነጠቃል ወይ ቀለሙ እየተቀረፈ ይረግፋል። ደህናው ዘዴ ጠርዙን እዚህም እዚያም በቀጫጭን የጃፓን ወረቀት (ስስ ግን ጠንካራ ወረቀት) ቁራጮች መያዝ ነው፤ ማጣበቂያውም በውኃ የሚለቅ የስንዴ ስታርች ይሁን። መስታወቱና ሥዕሉ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው። በተለይ የልጥ ጨርቁ እንዳይነካ! በላዩ ላይ ተጨምቆ የወጣው ጉብታ ነው ጥላውን የሚሰጠው፤ ሌላ ሥዕል ከተደረበበት ይጨፈለቃል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

መብራት፦ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ ለቆዳና ለካርቶን 50።

የግድግዳ መግለጫው ላይም እባካችሁ «ድብልቅ ቁስ» ብቻ አትበሉ፤ ቆዳውን፣ ልጡን፣ ካርቶኑን በስማቸው ጻፉ።