እርማት፦ ፕላስተር መስኮትን ከሃሪኬን አያድንም

በፍሎሪዳና በቴክሳስ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ሃሪኬን (ከውቅያኖስ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ዝግጅት እርስዎ የጻፉት ምክር በአብዛኛው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም «መስኮቱን በፕላስተር አመሳቅላችሁ ለጥፉ፤ ግፊቱ እንዲመጣጠንም አንዱን መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ ተዉ» የሚለው ክፍል መታረም አለበት።

ፕላስተር መስታወትን አያጠነክርም። ነፋስ ያነሳው ቆርቆሮ ወይም ቅርንጫፍ ሲመታው መሰበሩ አይቀርም፤ እንዲያውም ስብርባሪው በፕላስተሩ ተያይዞ ትልልቅ ሆኖ ወደ ክፍሉ ሊወረወር ስለሚችል አደጋው ይብሳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከልም ሰዎች ይህን ልማድ እንዲተዉ መክሯል።

መስኮት ከፍቶ መተው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ቤቱን የሚያፈርሰው የታመቀ አየር ሳይሆን፣ በተከፈተው በኩል የገባው ነፋስ ጣሪያውን ከሥር ሲገፋው፣ በላዩ የሚያልፈው ነፋስ ደግሞ ወደ ላይ ሲስበው በአንድ ጊዜ የሚፈጠረው ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድሩ የተባለው ሃሪኬን ደቡብ ፍሎሪዳን ሲመታ የጋራዥ በራቸው ተገንጥሎ ነፋስ የገባባቸው ቤቶች ጣሪያቸውን ያጡት በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ግዛቲቱም ከዚያ በኋላ የሕንፃ ሕጓን አጥብቃለች። (የጋራዡን በር ማጠናከር በምክርዎ ውስጥ አለመነሳቱ ያስቆጫል።)

የሚያዋጣው የብረት መዝጊያ ማስገጠም፣ አቅም ካነሰም 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ በየመስኮቱ ልክ አስቆርጦና ቀዳዳውን አስበስቶ ከሃሪኬን ወቅት በፊት ማስቀመጥ ነው፤ ማዕበሉ ሲቃረብ ሱቆች ባዶ ይሆናሉና። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ለነፋስ ብቻ ነው፤ የባሕር ውኃ ወደሚገባበት ሰፈር «ውጡ» የሚል ትእዛዝ ከመጣ መስኮቱ ቢታሸግም ባይታሸግም መውጣት ግድ ነው።